ስለ ጥርስና መንጋጋ ጠይቁኝ፤ ቆሎ የበላ አያትና ፓስታ የበላ የልጅ ልጅ

ባሕር ዳር የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሰሞኑን «የልጄ ጥርስ ተደራረበ» የሚል ወላጅ ስለበዛብኝ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ፣ ይኸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ አያቴ ሰማንያን አልፈዋል። ጥርሳቸው እንደ በቆሎ ፍሬ ተሰድሯል። የኔ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። ዘራችን አንድ አይደል እንዴ?

ዘር አለበት፣ ግን ብቻውን አይደለም። የጥርስህ ትልቅነት በአብዛኛው የሚወረስ ነው። የመንጋጋ አጥንት ግን በልጅነት ሥራ ይፈልጋል። በደንብ ካኘክ ይሰፋል፤ ሥራ ከፈታ በሚገባው ልክ አያድግም። አያትህ በገብስ ቆሎና በሽምብራ አደጉ። አንተ በፓስታና በለስላሳ ዳቦ ካደግህ፣ ቤቱ ጠቧል፤ እንግዶቹ ግን ያው ናቸው።

ይሄ በጥናት ተረጋግጧል ወይስ የሽማግሌ ወግ ነው?

ተረጋግጧል፤ ያውም በሽኮኮ! አዎ፣ ገደል ላይ ፀሐይ የምትሞቀው። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ገሚሶቹን ሽኮኮዎች የበሰለ ለስላሳ ምግብ፣ ሌሎቹን ጥሬና ደረቅ እየመገቡ አሳደጓቸው። ለስላሳ የበሉት የፊታቸው የታችኛውና የኋለኛው ክፍል እድገት በ10 በመቶ ገደማ አነሰ። ሰው ሽኮኮ አይደለም፤ ነገር ግን ከእርሻ በፊት የኖሩ ሰዎች የራስ ቅልም ላይ የተደራረበ ጥርስ ከዛሬው በጣም ያነሰ ነው።

የመጨረሻው መንጋጋዬ አልወጣ ብሎ ያሠቃየኛል።

የጥበብ ጥርስ የሚሉት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ይወጣል፣ ቦታ ካገኘ። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የራሷን አውጥታ ጨርሳ ነበር። አንተ ግን ራጅ ተነሣ፤ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ አትጠብቅ።

ሠላሳ ዓመቴ ነው። ማስቲካ ባኝክ ይስተካከላል?

አይስተካከልም። ጡንቻህ ይወፍር ይሆናል እንጂ።

እሺ፣ ለሁለት ዓመቷ ልጄ ቆሎ ልስጣት?

ኧረ በፍጹም! ቆሎና ኦቾሎኒ ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንታ ነው፣ ይገድላል። በደንብ የበሰለ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ከትፈሽ ስጫት። ሁሉን ነገር ፈጭቶ ማጉረሱን ግን ተዪው። ጡጦም ከዓመት በኋላ ይብቃ፤ በተለይ ስኳር ያለበት ሻይ ይዛ እንዳትተኛ።

ከቡሬ፦ ሕፃኑ ተቅማጥ ያዘው። ጎረቤቶች ግግ ነው፣ ይነቀል ይላሉ።

እባክሽን እንዳታስነኪው። ግግ የሚሉት ሊወጣ የተዘጋጀ የወተት ክራንቻ ነው። ተቅማጥ ከጥርስ አይመጣም፤ ጥርስ የሚወጣበትና ልጅ መሬት ያገኘውን ወደ አፉ የሚያደርግበት ጊዜ ስለሚገጥም ነው። ሲነቀል ሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል፤ ክራንቻው ተጣሞ ይወጣል ወይም ጭራሽ ይቀራል። መሣሪያው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ መመረዝና ደም መፍሰስ አለ። አሁኑኑ ኦ አር ኤስ ስጪው፣ ጡትም አታቋርጪ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። በክሊኒካችን ክራንቻ የሌላቸው ጎልማሶች ሳይ የዚህ ነገር ያበሳጨኛል።

ፍንጭቴን ላስዘጋ?

ጎጃም ተወልደሽ? ካላመመሽ ምን አደረገሽ!