ስንዴውን ተወውና እሬት ትከል
ጭራ ረጅሙን የሚያብረቀርቅ ወፍ ወደ ግቢህ እንዴት እንደምትስብ ጠይቀኸናል። ስንዴ ብትበትንም እርግብ ብቻ የሚመጣው፣ ያ ወፍ እህል ስለማይበላ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ (Nectarinia tacazze) እንኳ በተከዜ ወንዝ የተሰየመው ይህ ወፍ የአበባ ማር መጣጭ ነው፤ ትናንሽ ነፍሳትም ይለቅማል።

1. አጥሩ ጥግ እሬትና ራስ ክምር ትከል። ሲያብቡ ጠዋት ቁጭ ብለህ እይ፤ ቀጭን፣ ቆልመም ያለ ምንቃሩን አበባው ውስጥ ይሰድና ግንባሩ ብናኝ ተቀብቶ ይወጣል። እንዴት ደስ እንደሚል!

2. በሸክላ ሰሃን ውሃ አስቀምጥ። ጥልቀቱ ከ3 ሴንቲሜትር አይብለጥ፤ በየቀኑ ቀይረው።

አደራህን፣ ፀረ ተባይ እንዳትረጭ። እኔ ጎመኔን ላድን ብዬ ረጨሁና ትሉም ወፎቹም አብረው ጠፉ። ለካ ጫጩቶቻቸውን የሚቀልቡት በነፍሳት ነው። አሁን ትሉን በእጄ እለቅማለሁ።