ማሳያ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣውን መጽሐፍ ማን ይምረጥ?

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በቤተ መጻሕፍታችሁ ለዐድዋ ድል በዓል ካዘጋጃችሁት የመጻሕፍት ማሳያ ውስጥ አንድ አንባቢ «ይህኛው ይነሣ» ብለው ቅሬታ ማቅረባቸውን፣ ኃላፊውም ጠረጴዛውን በሙሉ ማስነሣታቸውን ገልጸው፣ ምርጫው የማን ሥልጣን እንደሆነ ጠይቀዋል። በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል በሚገኝ ቤተ መጻሕፍት በአንባቢዎች አገልግሎት ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠራሁ በመሆኔ፣ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

በእኔ እምነት ችግሩ የጀመረው ቅሬታው ከመቅረቡ በፊት ነው። መጻሕፍቱ ለምን እንደተመረጡ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ፣ ኃላፊው የሚመልሱት አያጡም ነበር። እኛ ዘንድ ርእሱን፣ መራጩን ባለሙያ፣ የሚወጡትን መጻሕፍት ዝርዝርና ማሳያው የሚቆይበትን ጊዜ በአንድ መዝገብ ላይ አስፍረን ኃላፊው እንዲፈርሙበት እናደርግ ነበር፤ ምርጫው የባለሙያው፣ ማጽደቁ የኃላፊው ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር የሰለቸን ጊዜም ነበር፤ ጭቅጭቅ ሲመጣ ግን ያዳነን እሱ ነው።

ጉዳዩ ቀላል የማይሆነው በአገራችን ባለው የአገልግሎት ሁኔታ ምክንያት ነው። በብዙ ነባር ቤተ መጻሕፍት አንባቢው ወደ መደርደሪያው አይገባም፤ የመጠየቂያ ወረቀት ሞልቶ ይጠብቃል። ርእሱን ያልሰማውን መጽሐፍ ሊጠይቅ ስለማይችል፣ ሳያስበው ከመጽሐፍ ጋር የሚገናኝበት ብቸኛ ቦታ ማሳያው ነው። ስለዚህ በማሳያ ላይ የወጣ መጽሐፍ ወዲያው የሚነበብ መሆን አለበት። ቁልፉ ፈቃድ በወጣ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ የቀረበትን የመስታወት ሣጥን አስታውሳለሁ፤ አንባቢው መጽሐፉን እያየው ሊያገኘው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ በመስታወት ውስጥ የምናስገባው ብርቅና ጥንታዊ የሆነውን ብቻ ነበር።

ቦታውም ቢሆን ሊታሰብበት ይገባል። ጠዋት የሚመጡት አንባቢዎች በአብዛኛው የራሳቸውን ደብተር ይዘው ለፈተና የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው። ጠረጴዛውን መግቢያው ላይ ባደረግን ጊዜ ወንበር ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ ሳያዩት ያልፉ ነበር፤ ወደ መጸዳጃ ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር ስናዛውረው ግን ቆመው ማገላበጥ ጀመሩ።

ስለ ዐድዋ ማሳያ ደግሞ፣ በየዓመቱ የካቲት 23 ሲቃረብ እነዚያኑ አምስት ስድስት መጻሕፍት አቧራቸውን አራግፎ ማውጣት ምርጫ ሊባል አይችልም። አንድ ዓመት መነሻችንን በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 አደረግን። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርግባቸዋል። ከዚህ ተነሥተን መዝገበ ቃላትን፣ የትርጉምና የሕግ መጻሕፍትን፣ የትግራይን ካርታ ጭምር አወጣን። እነዚህ መጻሕፍት ለዓመታት የጠየቃቸው አልነበረም። ርእሱ ሲሰፋ የተለያዩ አመለካከቶችም ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ አንድ መጽሐፍ ብቻውን የቤተ መጻሕፍቱ አቋም መስሎ አይታይም።

የኢፍላ (የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) እና የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣውም በ2022 በታደሰውም ቅጂው፣ ክምችትና አገልግሎት ከርእዮተ ዓለም፣ ከፖለቲካና ከሃይማኖት ሳንሱር እንዲሁም ከንግድ ጫና ነጻ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ይህን በመመሪያችሁ መግቢያ ላይ ብታሰፍሩት ይጠቅማችኋል። ከውጭ መጥተው ቦታችሁን ለዐውደ ርእይ የሚጠይቁ ማኅበራት ካሉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ደንብ ይኑር፤ የእነሱ ትርኢት መሆኑም በጉልህ ይጻፍ።

ስለ ብርሃንም አንድ ነገር ላክል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነውና። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን ፀሐዩ ቀለምን በፍጥነት ያደበዝዛል፤ እኛም በአንድ በጋ መስኮት ሥር የተውነው ቀይ ሽፋን ደብዝዞ አግኝተነዋል። ለብራናና ለአሮጌ ወረቀት በተለምዶ የሚመከረው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ነው፤ ለአሮጌ ጋዜጣ ደግሞ ፎቶ ኮፒውን ማሳየት ይበቃል።

አሁን ላጋጠማችሁ ነገር፣ ማሳያው ከነመግለጫው ወደ ቦታው እንዲመለስ ኃላፊውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅሬታ አቅራቢው የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን ገጽና በምን ምክንያት እንደተቃወሙ በቅጽ እንዲሞሉ ያድርጉ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስም መጽሐፉ ካለበት አይነሣ። ከጎኑ እንዲቀመጥላቸው የሚፈልጉት ሌላ መጽሐፍ እንዳለም ይጠይቋቸው፤ ከክምችታችሁ ከተገኘ ያንኑ ዕለት አውጥተው ያስቀምጡላቸው።