ያገለገለ ጀልባ ከጣና ወደ ሐይቅ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በደሴ አቅራቢያ ባለው፣ «ሐይቅ» ተብሎ በሚጠራው ውሃ ላይ ሊሠራበት ስለታሰበ ያገለገለ የሞተር ጀልባ የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ያለ አንድ ዓሣ አስጋሪ የፋይበር ጀልባውን ከ40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተሩ ጋር ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። ከመክፈሌ በፊት ምን ልመልከት? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ጀልባውን ከውሃ ወጥቶ ሳያዩት ቀብድ አይክፈሉ። ሆዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ አንጓ ያንኳኩ፤ ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ከታፈነ ንብርብሩ ተላቋል ወይም ውሃ ጠጥቷል። ይበልጥ የሚያሠጋው ግን ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው፤ በብዙ ጀልባዎች ይህ ግድግዳ ፋይበር የለበሰ ጣውላ ስለሆነ፣ በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ እየሰረገ ከውስጥ ሲበሰብስ ከውጭ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ሊመስል ይችላል። ሞተሩን ከታች ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘውዙት ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ ግዢውን ይተዉት። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ በፊትዎ ይነሳ፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ከተነሳ በኋላ የማቀዝቀዣው ውሃ በቀጭኑ ሳያቋርጥ መውጣት አለበት። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ብሎን ላላ አድርገው ጥቂት ሲያንጠባጥቡ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና፣ ጉዳቱ ማርሹ ድረስ ደርሶ ሊሆን እንደሚችል አስበው ዋጋውን ያስቀንሱ።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ላይ መረብ የሚጎትት ያረጀ የዓሣ መርከብ በርካሽ ይሸጣል ተብያለሁ። ለሐይቅ አይሆንም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሆንም። እንዲህ ያለው መርከብ ከበድ ያለ ከረጢት መረብ ከኋላው እየጎተተ ለሰፊ ባሕር የተሠራ ሲሆን፣ ሐይቅ ግን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ወንዱ ቆሮሶ ዓሣ ዳር ዳሩን ጎጆ እየቆፈረ የሚራባበት ውሃ ነው። ትንሹም የባሕር ጀልባ ቢሆን የሞተሩ የማቀዝቀዣ ቱቦዎች በጨው የተበሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዚያ ላይ ቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ የሞከሩት ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ይጎድልበታል። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኝ በዚያ የተሞከረ ሞተር በሐይቅ የሚያሳየው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጥያቄ፦ ጀልባውን ገዝቻለሁ፤ በጭነት መኪና ሳመጣው ምን ልጠንቀቅ? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ መንገዱ በወረታ፣ በደብረ ታቦርና በጋሸና ወልዲያ ወርዶ በመርሳና በውጫሌ ሐይቅ ከተማ ስለሚያደርስዎ ደሴ ድረስ መግባት አያስፈልግዎትም። ሞተሩን ነቅለው ለብቻው ይጫኑ፣ ቤንዚኑን ያውጡ፣ ከጀልባው ሆድ ሥር አሮጌ ጎማ ያንጥፉ። ወደ ወልዲያ የሚወስደው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማሰሪያውን እንደገና ያጥብቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን እምቦጭ ነው። ጣናን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስቸገረው ይህ አረም ከቁራጩም ከዘሩም ይራባል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ ባሕር ዳር ሳሉ ከጀልባው ወለል ላይ ያለውን ውሃ አፍስሰው፣ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ሥር ካለ ፈትተው፣ በወለሉ ሥር የተጋገረውን ጭቃ ፍቀው፣ ከጣና ራቅ ባለ ስፍራ ከታጠበ በኋላ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይድረቅ። አሮጌው ገመድና መረብ ከነጭቃው «በምርቃት» ቢሰጥዎት እንኳ አይቀበሉ። ሐይቅ መውጫ የሌለው ውሃ ነው፤ የገባበት አረም ታጥቦ የሚሄድበት ወንዝ የለም።

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ልንገዛ ነው፤ ሁለታችንም መኪና እንነዳለን። ሻጩ የሁለት ቀን ልምምድ እሰጣችኋለሁ ይላል። ይበቃናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ቀኖቹ በምን እንደሚያልፉ ከሻጩ ጋር አስቀድመው ከተስማሙ ለመነሻ ይበቃል። ሻጮች ፍጥነት ማሳየት ይወዳሉ፤ እርስዎ ግን አብዛኛውን ሰዓት ዳር በመያዝና ከዳር በመነሳት እንዲያሳልፉት ይጠይቁ። መኪና መንዳታችሁ በጥቂቱ ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ ጀልባ ፍሬን የለውም፣ የሚዞረውም ኋላው ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው፤ የሞተሩን እጀታ ወደ ግራ ሲገፉት ደግሞ ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወደ ዳር ሲጠጉ ነፋሱን በፊት ለፊት ይያዙት። ማዕበል ሲመጣ ጎንዎን ሳይሰጡ ፍጥነት ቀንሰው በአፍንጫው በኩል ትንሽ አግድመው ይቁረጡት። ሰው ውሃ ውስጥ ከወደቀ፣ ወደ እሱ ከመጠጋትዎ በፊት ሞተሩን ያጥፉ። ሞተር ማጥፊያው ገመድ ሁልጊዜ ከነጂው ጋር ይታሰር። ተንሳፋፊ ጃኬት ዋና ለሚችለውም ግድ ነው፤ ሐይቅ 80 ሜትርን የሚያልፍ ጥልቀት አለው። ወንድምዎም በየተራ ይለማመድ እንጂ ተመልካች ሆኖ አይቅር።

ጥያቄ፦ ሰነዱስ? (ከሐይቅ ከተማ)

መልስ፦ የሞተሩ ተከታታይ ቁጥር በሽያጭ ውሉ ላይ ይስፈር፤ ውሉም ሰነድ በሚያረጋግጥ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ለገበያ ዓሣ ለማስገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ጀልባውን ከመጫንዎ በፊት የወረዳዎን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።