«የመማር ችግር» ስንል እናቶች ምን ይሰማሉ?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። አንድ ተማሪዬ ሀሁን በዜማ ሳይሳሳት ይወርዳታል፤ ከመሃል «ሱ»ን ነጥዬ ሳሳየው ግን «ሉ» ይላል፣ ወይም ዝም ይላል። እናቱን አስጠርቼ «ልጅዎ የመማር ችግር አለበት» ብላቸው «ኧረ ቲቸር፣ ምን አጎደልኩበት? ደብተሩንም ዩኒፎርሙንም ገዝቻለሁ፤ ቁርሱን ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም» ብለው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምን ማለት ነበረብኝ? ደግሞ ሥልጠና ላይ ሁሉንም ልጅ ሳይለዩ በአንድ ክፍል ማስተማርን «አካቶ ትምህርት» ይሉናል፤ አንድ ባልደረባዬ ትክክሉ «አካታች» ነው ይላል። የቱ ነው?

መልስ፦ መምህርት፣ እናትየዋ አልተሳሳቱም። የነገሯቸውን አማርኛ የሰሙት እንደ አማርኛ ነው። ቸገረው ስንል አጣ ማለታችን ነው፤ ችግረኛ የሚበላው የሚለብሰው ያጣ ሰው ነው። የውሃ ችግር ውሃ ሲጠፋ፣ የመብራት ችግር መብራት ሲጠፋ ነው። እንግዲህ በዚሁ ልክ ቢሰፉት «የመማር ችግር» መማር ማጣት ይሆናል፤ የማጣት ነገር ሲነሣ ደግሞ ተጠያቂዋ እናት ናት። «ምን አጎደልኩበት?» ማለታቸው ከብዙ የሥልጠና ጽሑፍ ይልቅ ቃሉን በትክክል የተረጎመ መልስ ነው።

በዚያ ላይ «አለበት» አለ። ቤት አለው፣ ዕዳ አለበት። ዘመድ አለው፣ ክስ አለበት። ይህች «በ» በሰው ላይ የተጫነውን ሁሉ ታሳብቃለች፤ ዛርም «አለበት» ነው የሚባለው። ለአንዲት እናት «ችግር አለበት» ሲባሉ ከጠንቋይ ደጅ የሰሙት ቃል ቢመስላቸው አይፈረድም።

ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም፣ የትርጉሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሳሙኤል ከርክ የሚባል አሜሪካዊ ቺካጎ ላይ በወላጆች ስብሰባ ፊት ቆሞ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ «ለርኒንግ ዲስኤቢሊቲ»ን፣ ሲያስተዋውቅ፣ ያሰበው አእምሯቸው እንደማንኛውም ልጅ ሆኖ ማንበብ፣ መጻፍ ወይም ስሌት ብቻ ለይቶ የሚያስቸግራቸውን ልጆች ነበር። እንግሊዞች ግን ያንኑ ቃል ወስደው ሌላ ነገር ሰየሙበት፦ መላ የአእምሮ ዕድገቱ ከዕድሜው ወደኋላ የቀረውን ሰው። እኛ ከሁለቱም አገር መጻሕፍት ገዛን፣ ከሁለቱም ተረጎምን፣ ሁለቱንም «የመማር ችግር» አልን። የእርስዎ ተማሪ ምናልባት የመጀመሪያው ዓይነት ይሆናል፤ ከሁለተኛው ጋር በአንድ ስም ሲጠራ ግን በአንድ ከረጢት ገባ።

የመጀመሪያውን «ዲስሌክሲያ» እንበለው የሚሉ አሉ። ቃሉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው፤ ሁለት የግሪክ ቃል አገጣጥሞ፣ የቃል መክበድ እንደ ማለት። ለሐኪም ይሁን። ለእናት ግን ከ«ችግር» የማይሻል እንቆቅልሽ ነው።

እኔ የምመክረው ስሙን ትተው በግሥ እንዲናገሩ ነው። አማርኛ በግሥ ሲናገሩት ይታዘዛል፤ ስም ሲደረድሩበት ይነጫነጫል። «ልጅዎ ነገር ይገባዋል፤ ፊደል መለየት ግን ይከብደዋል» ይበሏቸው። «ፊደል ይምታታበታል» ቢሉም ጥሩ ነው። (እዚህም «በ» ገባች ብለው ይያዙኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ይህች የምትጫነው በሚምታታው ፊደል በኩል ነው፣ ልጁን ባለ ዕዳ አታደርግም።) ደብተሩን ገልጠው ያሳዩአቸው፤ «ሱ» ላይ ጣትዎን ያሳርፉ፣ ግራና ቀኙን በወረቀት ይከልሉ። በዜማ የወረደው ፊደል ዓይኑ ያወቀው እንዳልሆነ እናትየዋ ራሳቸው ያዩታል። «ለ» አናቷ ላይ ቀንድ ስታበቅል «ሰ» ትሆናለች፤ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ሳድሱ ደግሞ ከቤት ቤት መልኩን ይለዋውጣል። እንዲያውም የማይምታታበት ልጅ ነው የሚገርመኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር። ዓይኑና ጆሮው ይታይለት። ቀጥሎም ቤታቸው ምን ይናገራሉ? እዚህ ጅማ አንድ ልጅ ቁቤ፣ ፊደልና የእንግሊዝኛ ንባብ በአንድ ቦርሳ ይሸከማል። በኦሮምኛ አፉን የፈታ ልጅ ቁቤውን አንብቦ አማርኛው ላይ ብቻ ከቆመ፣ አዲስ ቋንቋ ነው የከበደው፤ ያንን እክል ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ነውር ነው። በሁለቱም ከተደናቀፈ ያኔ ሌላ ነገር እናስብ።

ለዚያ ልጅ የሚያስፈልገው «ድጋፍ» ነው፤ «እርዳታ» አይበሉ፣ እርዳታ ስንዴ ስንዴ ይሸታል። ደገፈ ማለት ያዘነበለውን ባለበት እንዲቆም አስደገፈ ነው። ከክፍሉ ሳይወጣ፣ ፊደሉ በጥቂት በጥቂቱ ቢሰጠው፣ ጥያቄው በቃል ቢጠየቅ፣ ለፈተና ጊዜ ቢጨመርለት፣ ያው ነው ድጋፉ። እኔ በወጣትነቴ ሳስተምር እንዲህ ያለ ልጅ ነበረኝ፤ ፈረንጅ አራዳ ሱቅ እየጠበቀ የደንበኛ ሒሳብ በቃሉ የሚይዝ። መዝገቤ ላይ ከስሙ አንጻር በቀይ እስክሪብቶ «ሰነፍ» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ ንባቡን አላሻሻለም፤ ቃሉን ግን አነበባት።

ስለ «ዘገምተኛ» አልጠየቁኝም፣ ግን መምጣቱ አይቀርም። ዘገመ ቀስ ብሎ ሄደ ነው፤ «ዘገም ዘገም እያለ መጣ» እንላለን። ደራሽ እንጂ ቀሪ አያደርግም፤ ስለዚህ እወደው ነበር። አሁንም በልቤ እወደዋለሁ። አንዳንዶች ጥፋቱን በ«ኛ» ላይ ያላክካሉ፤ ሰውን ከነሁኔታው ያጣብቃልና «ያለው ሰው» እንበል ይላሉ። አርበኛም ሐቀኛም በዚሁ «ኛ» ነው የተሠሩት፤ «ኛ» ንጹሕ ናት። ያበላሸው የትምህርት ቤት ግቢ ነው። በልጅ ጀርባ የተጮኸን ቃል መዝገበ ቃላት አያድነውም። አሜሪካኖችም ያለፉበት ነው፦ የሻሩት ቃል ሥሩ በላቲን ማዘግየት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በሕግ አስወጡት። እኛ ጋ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ተተካ። ረጅም ነው፣ ደረቅ ነው፤ ወሰኑን የለካው ማን ነው ያሰኛል። ቢሆንም ወላጆቹ ይሻለናል ካሉ እኔም እየጻፍኩት ነው።

«አካል ጉዳተኛ»ስ? የሥራ ስምሪት መብት አዋጁ ቁጥር 568/2000 በዚህ ስም ውስጥ የአእምሮ ጉዳትንም ያስገባል። ሰው ግን አካል ሲባል እጅና እግር ነው የሚቆጥረው፤ ለጎረቤቴ ልጅ ማስረጃ ፍለጋ አብሬ በሄድኩበት አንድ ቢሮ «እግሩ ደህና አይደል እንዴ?» ተብለን ተመልሰናል። ለጸሐፊው ግእዝ ላስተምረው ቃጥቶኝ ነበር። አካል በነገረ መለኮት ሥጋ ብቻ አይደለም፤ «ሦስት አካል» ስንል ራሱን የቻለ ህላዌ ማለታችን ነው። ሕጉም «ሕጋዊ አካል» ሲል እጅ እግር አይቆጥርም። እንደ እኔ ከሆነ ቃሉ ሰውን በሙሉው ይይዛል። ሂርማታ ገበያ ወርደው ቢጠይቁ ግን የሚስማማኝ አያገኙም።

ወደ አካቶ። ባልደረባዎ ጆሮ አለው። «አካቶ» የአካተተ ቦዝ አንቀጽ ነው፣ ማለትም ሌላ ግሥ ካልተከተለው ነገሩን የማይቋጭ ግሥ፤ በውስጡ «እሱ» አለ፣ ማን አካቶ ምን አደረገ ያሰኛል። «አርሶ አደር»፣ «ወዶ ገባ» አሉ ብለው የሚከራከሩ አሉ። እነዚያ ከቦዙ በስተኋላ ሌላ ግሥ ተቀምጦላቸዋል፤ «ትምህርት» ያንን ሥራ አይሠራለትም። ደንቡን ካሉኝ «አካታች» ነው፦ አስተማሪ፣ አካታች። ሥሩ ከተተ ነው፤ እህል በጎተራ የከተተ፣ ዘማችን በክተት አዋጅ የጠራ። የዚሁ የከተተ ቦዝ ነው የምለው «ከቶ» ደግሞ ዛሬ አዘውትሮ የሚሰማው ለእንቢታ ነው፤ «ከቶ አይሆንም!» ለመክተት የተፈጠረ ቃል በር ዘጊ ሆኖ አረፈ። ኦሮምኛው ከእኛ የተሻለ መርጧል፤ «ሁንዳ ሀመታ» ይላል፣ ሁንዳ ሁሉ፣ ሀመቹ ማቀፍ ነውና። እኛ ከረጢት ስናስብ እነሱ ክንድ አሰቡ። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ «ልዩ ፍላጎት/አካቶ» ብለው በአንድ መስመር ይጽፋሉ፤ ልዩ ከለየ ነው፣ ስለዚህ በግራ እጅ ለይተው በቀኝ ይከታሉ፣ በመካከል ሰያፍ መስመር።

ተቃዋሚዎቼ ግን አንድ የማልመልሰው ነገር አላቸው። ቀድሞ እና ከርሞም ቦዝ ነበሩ፤ ዛሬ «የቀድሞው»፣ «ለከርሞ» ስንል ማንም ማን ቀድሞ፣ ማን ከርሞ ብሎ አይጠይቅም። ቦዝ በአፍ ብዛት ስም ይሆናል። አካቶም ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ሥልጠናውም ማኅተሙም ይዞታል፣ እኔ ብጮህ አይመለስም። በቃል ሲናገሩ «አካታች» ይበሉልኝ። ለወረዳው ደብዳቤ ሲጽፉ ግን «የአካቶ ትምህርት» ብለው ይጻፉ፤ «የ»ዋ እንዳትቀር አደራ።