የሌጎ ካርቶን ልክፈት ወይስ እንደታሸገ ላስቀምጥ?

አትክፈተው። ወንድምህ ከውጭ የላከልህ ሌጎ (የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መጫወቻ) ምርቱ ሲቆም ዋጋ እንዲያወጣልህ ከፈለግክ ማሸጊያው አይነካም። "ጎደሎ ካለው ልየው" ያልከውንም ተወው። አንዴ ከተቀደደ ያገለገለ ዕቃ ነው።

ቤትህ ጣና ዳር ከሆነ ጠላትህ እርጥበት ነው። ፕላስቲኩ ምንም አይል፤ ካርቶኑ ግን ክረምት ላይ ያብጣል፣ ይሻግታል። ከወለል አንሳው፣ ከግድግዳ አርቀው፣ ፀሐይም አይንካው። እኔ ባሕር ዳር አልጋ ስር የከተትኩት አንዱ ሐምሌን አልተሻገረም።

ደግሞ ምርቱ ቆመ ማለት አይመለስም ማለት አይደለም። በ2008 በፈረንጆች የወጣው የታጅ ማሃል ሌጎ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ጣራ ነክቶ ነበር። በ2017 ኩባንያው ራሱ መልሶ አወጣው። የድሮውን ያከማቹት ምን እንደተሰማቸው አስበው! ስለዚህ የቤት ኪራይህን እዚህ ላይ እንዳታስር። ገዢውም በብዛት ውጭ ነው፤ የመላኪያውን ሒሳብ አስቀድመህ ምታ።