የበዓል ማስታወቂያዎችንና ሙዚቃቸውን መገምገም ለሚፈልጉት እህታችን የተሰጠ መልስ

እህታችን፣ በዘመን መለወጫ ሰሞን በቴሌቪዥን የሚተላለፉትን ማስታወቂያዎች ከነሙዚቃቸው እየገመገሙ በጽሑፍና በዩቲዩብ ለማቅረብ እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ የእንግሊዞቹን የገና ማስታወቂያ ልማድም በምሳሌነት ጠቅሰው፣ ከምን መጀመር እንዳለብዎትና ከማስታወቂያው ቁራጭ ድምፅ ማስገባት ያስጠይቅ እንደሆነ ጠይቀዋል። ስለ ካሜራና ስለ ኤዲቲንግ ሌሎች የቡድናችን አባላት በቂ ምክር ስለ ሰጡ እኔ ያንን አልደግምም። ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ ክራር ስለምጫወትም ከምስሉ ይልቅ ወደ ሙዚቃው አደላለሁ፤ የእርስዎም ሐሳብ እንደዚያው ይመስለኛል።

1ኛ. ማስታወቂያውን መጀመሪያ ፊትዎን ከስክሪኑ አዙረው በጆሮዎ ብቻ ይስሙት። የበዓል ስፖት (አጭር ማስታወቂያ) ምስል ያባብላል፤ ዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ በዝግታ ሲጨለፍ፣ ቄጤማው ሲጎዘጎዝ፣ አያት የልጅ ልጃቸውን ግንባር ሲስሙ እያዩ ስለ ሙዚቃው ትክክለኛ ፍርድ መስጠት አይቻልም። ምስሉን በኋላ ሲመለከቱት ደግሞ ከአበባው ይጀምሩ። አብዛኛው የእንቁጣጣሽ ስፖት የሚቀረጸው ክረምቱ ሳይወጣና አደይ አበባ ሳይፈነዳ ስለሆነ፣ ሕፃናቱ የሚይዙት ቢጫ አበባ ብዙውን ጊዜ ከሱቅ የተገዛ ወይም የፕላስቲክ ነው። በአንድ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ በአንዲት ልጅ እጅ ካለው አበባ ግንድ ላይ የዋጋ ወረቀቱ እንደተለጠፈ አይቻለሁ። ይህን የመሰለ ነገር አንባቢን ያስቃል፤ ግምገማው ግን በዚህ ብቻ እንዳይቆም ይጠንቀቁ።

2ኛ. ሙዚቃው የየትኛው በዓል እንደሆነ ይለዩ። ሆያ ሆዬ ወንዶች ልጆች ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ዱላ እየመቱ የሚጨፍሩት ነው፤ አበባየሆሽ የልጃገረዶች የእንቁጣጣሽ ዜማ ነው፤ አሲና በል የገና ነው። ድርጅቶች ግን አንዴ ገንዘብ ያወጡበትን ስፖት ከቡሄ እስከ ገና ሊያሳዩት ስለሚፈልጉ ሦስቱንም በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ያደባልቋቸዋል። በአንድ የቤት ቀለም ማስታወቂያ ላይ ሴቶች ልጆች የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ ያየሁ ዕለት ብዕሬን ያነሣሁት ተናድጄ ነው፤ ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ሰዎች ከሚጠቅሱልኝ አንዱ ነው።

እዚሁ ላይ የአወራረዱን፣ ማለትም አውጪና ተቀባይ እየተቀባበሉ የሚዘፍኑበትን ነገር ላንሣ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ያለው በዚህ ውስጥ ነውና። በአበባየሆሽ አውጪዋ «ባልንጀሮቼ» ስትል ተቀባዮቹ «ለምለም» ይላሉ፤ «ቁሙ በተራ» ስትል አሁንም «ለምለም» ይላሉ። ተቀባዮቹ ያላቸው ቦታ «ለም» እና «ለም» የሚያርፉበት ብቻ ነው፤ ጭብጨባውም በእነርሱ ላይ ይወድቃል። አንድ የምግብ ዘይት ማስታወቂያ በ«ለምለም» ቦታ የምርቱን ስም አስገባ። ስሙ ረጅም ስለነበር ልጆቹ ሳይጨርሱት አውጪዋ ትገባባቸዋለች፤ ጭብጨባውም አንዴ ስሙ መካከል፣ አንዴ ስሙ ካለቀ በኋላ ያርፋል። አቀናባሪው ዜማውን ሊያዘገየው ሞክሯል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ የልጃገረዶቹ ጭፈራ የለቅሶ ቤት መሰለ። በዚያው ዓመት የአንድ ሌላ ድርጅት ስፖት «ለምለም»ን ሳይነካ ትቶ፣ ስሙን በመጨረሻ ክራሩ ብቻ ሲቀር በተራ ንግግር አስገባ። የትኛው ሥራ እንደተሳካ ለማስረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ ሁለቱን አከታትሎ ማሰማት ብቻ ይበቃል።

ስለ ቅኝት፣ ማለትም ዜማው ስለሚሄድባቸው ድምፆችም ቢሆን ብዙ ሳይጨነቁ አንድ ነገር ያስተውሉ። ከቅኝቶቻችን አንዱ የሆነው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ብቻ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። ከማስታወቂያ ድርጅቶች ዘንድ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው «ሞቅ ይበል» ተብሎ ሲታዘዝ በዚህ ቅኝት ከሚሄድ ዜማ ሥር የፈረንጅ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይደረድርበታል፤ በዚያም ውስጥ ፋ እና ሲ ይገባሉ። አድማጩ ለምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር ይጎረብጠዋል፤ የሚጎረብጠውን ቦታ ለይቶ ማሳየት ግን የገምጋሚው ሥራ ነው።

3ኛ. ሙዚቃውን የሠራው ማን እንደሆነ ሳያረጋግጡ አንድም መስመር አያውጡ። እርስዎ በጥያቄዎ ላይ የጠቀሱት የእንግሊዞቹ ልማድ ከእኛ የሚለየው በዚህ ነው። በዚያ አገር የጆን ሉዊስ መደብር የገና ማስታወቂያ ሲወጣ ዘፋኙ ወዲያውኑ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የጋብሪኤል አፕሊን፣ በ2013 ደግሞ የሊሊ አለን ቅጂ በብሪታንያ የነጠላ ዜማዎች ሠንጠረዥ አንደኛ የወጣው ከዚሁ ማስታወቂያ ተነሥቶ ነው። በእኛ አገር ግን ዶሮ ወጡን የምታቀርበው ተዋናይት ትታወቃለች፤ ድምፁን ያነበበው አርቲስት ይታወቃል፤ ሙዚቃውን የሠራው ሰው ግን ስሙ የትም አይወጣም። ሄደው ሲጠይቁም ምን እንደሚገጥምዎት እኔ ላይ ከደረሰው ይረዱት።

ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን፣ «ለምለም»ን ሳይነካ የተወውን ስፖት በጣም ስለ ወደድሁት የአቀናባሪውን ስም ለማወቅ ቦሌ አካባቢ ወደሚገኘው የማስታወቂያ ድርጅት ሄድሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «ማንን ወክለው ነው?» አለችኝ። ራሴን እንደምወክል ብነግራት «ራስዎን ወክለው እዚህ አይገባም፤ ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» ብላ አሰናበተችኝ። አንድ የሬዲዮ አዘጋጅ ወዳጄ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፈልኝና ተመልሼ ሄድሁ፤ ከረጅም ጥበቃ በኋላም የሥራ ኃላፊዋ ቆመው አነጋገሩኝ። ወንበር አልሰጡኝም። «ይህ ጂንግል ነው እንጂ ሙዚቃ አይደለም፤ ጂንግል ደራሲ የለውም» አሉኝ፤ ጂንግል የሚሉት አጭሩን የማስታወቂያ ዜማ ነው። ማስታወቂያውን ያሠራው ድርጅት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ደግሞ ክፍያ እንደፈጸሙና ስለ ሰውየው እንደማያገባቸው በስልክ ነግሮ ዘጋብኝ። ስድብ ለምጃለሁ፤ ሥራውን አመስግኖ ለመጻፍ የመጣን ሰው እንደ ሌባ መቁጠር ግን አሁንም ሳስበው ያበግነኛል።

ኃላፊዋ የተናገሩት በሕግም ስሕተት ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ አመንጪ የኢኮኖሚ መብቱ በእጁ ይኑርም አይኑር የሥራው አመንጪ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት ይሰጠዋል። ጂንግል ስለተባለ ብቻ ያለ አባት የሚቀር ዜማ የለም። ቢሮ ሄደው እንዲህ ያለ መልስ ከሰጡዎት የአዋጁን ቁጥር ጠቅሰው ይናገሩ፤ ስሙን ባይሰጡዎትም ወንበር ይሰጡዎታል።

በመጨረሻ ሰውየውን ያገኘሁት በሙዚቀኞች በኩል ነው፤ እርስዎም ጊዜዎን በቢሮ ደጃፍ ከማጥፋት ይልቅ ከመነሻው በዚህ መንገድ ይሂዱ። የስፖቱን ክራር የተጫወተውን ልጅ በእጁ አመታት ያወቀው አንድ ጓደኛዬ ወደ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ወሰደኝ። አቀናባሪው የጭብጨባውን ድምፅ ከኮምፒዩተር አላመጣውም፤ የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ በሕንፃው ደረጃ ላይ አቁሞ ቀድቶታል፤ የሚያስተጋባው ለዚህ ነበር። እኔ ደግሞ ከመሄዴ በፊት «ይህ ጭብጨባ ከግድግዳ እየተመለሰ ነው» ብዬ በማስታወሻዬ ጽፌ ስለነበር ገጹን አውጥቼ አሳየሁት። የተከፈለው አንድ ጊዜ በእጁ ነው፤ የተጻፈ ውል አልነበረውም። በግምገማዬ ላይ ስሙን በፈቃዱ አወጣሁት፤ በተከታዩ ገና ሌላ ድርጅት በስሙ ፈልጎ አሠራው። በዚህ እኮራለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፤ ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ይህኛው ነውና። ያው አዋጅ ከታተመ ሥራ ላይ ለዓላማው በሚበቃ መጠንና በአግባቡ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጽም ይጠይቃል። በሕግ በኩል ቁራጭ አስገብቶ መተቸት ክልክል አይደለም ማለት ነው። ዩቲዩብ ግን አዋጁን የሚያነብ ሰው ሳይሆን ድምፅ ከድምፅ የሚያመሳስል አውቶማቲክ ሥርዓት ነው ያስቀመጠው። የግምገማዬን ቪዲዮ በጳጉሜን መጀመሪያ ላይ ጫንሁት፤ ወዲያውኑም የቅጂ መብት ጥያቄ ቀርቦበት ታገደ። ጥያቄውን ያቀረበው አቀናባሪው አይደለም፤ ማስታወቂያውን ያሠራው ድርጅትም አይደለም፤ የልጆች የበዓል መዝሙሮችን አሰባስቦ የጫነ አንድ አከፋፋይ ነው። የአበባየሆሽ ዜማ የሕዝብ ቢሆንም ቀርጾ ያስቀመጠው ቅጂ የእርሱ ስለሆነ፣ ሥርዓቱ የእርሱን ቅጂ ከእኔ ቪዲዮ ጋር አንድ አድርጎ ቆጠረው።

ተቃውሞ አቀረብሁ። የዩቲዩብ ደንብ ለጥያቄ አቅራቢው መልስ መስጫ 30 ቀን ይሰጠዋል፤ አከፋፋዩም ምንም መልስ ሳይሰጥ ቀኑን ሙሉ ለሙሉ ተጠቀመበትና ጥያቄው በራሱ ጊዜ ወደቀ። ከጳጉሜን መጀመሪያ ሠላሳ ቀን ሲቆጠር ደመራውም መስቀሉም አልፏል። ማስታወቂያዎቹ ከቴሌቪዥን ወርደዋል፤ የእንቁጣጣሽ ስፖት ግምገማ በመስከረም መጨረሻ የሚያይ ሰው አላገኘሁም። ቪዲዮው ለታገደ ሰው በቀጥታ ይግባኝ የሚጠይቅበት መንገድ አለ፤ በዚህ ጊዜ የመልስ መስጫው 7 ቀን ነው። ነገር ግን ጥያቄ አቅራቢው እምቢ ብሎ ቪዲዮው እንዲነሣ ካስደረገ ማስጠንቀቂያ ይመዘገብብዎታል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከሆነም ቻናልዎ ይዘጋል። ስለዚህ ይግባኙን የሚጠቀሙት በሥራዎ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ ሲሆኑ ብቻ ይሁን።

ከዚያ በኋላ የማደርገው እንዲህ ነው። የማስታወቂያውን ድምፅ ጥቂት ሰከንድ ብቻ አስገባለሁ፤ በላዩም እናገርበታለሁ፤ ዜማውን ማሳየት ሲያስፈልገኝ በራሴ ክራር እጫወተዋለሁ፤ «ለምለም» የሚወድቅበትን ቦታ በእጄ አጨበጭባለሁ። እርስዎ መሣሪያ ባይጫወቱም በጉሮሮዎ ማንጎራጎር ይችላሉ፤ ተመልካቹ ይህን ከዋናው ቅጂ የበለጠ ይወደዋል። ቪዲዮውንም በነሐሴ አጋማሽ፣ ስፖቶቹ መታየት እንደጀመሩ ይልቀቁት፤ ጥያቄ ቢቀርብበት እንኳ ጊዜ ይኖርዎታል።

የቆዩ ማስታወቂያዎችን ከአዲሶቹ ጋር ለማነጻጸር ካሰቡ 2011 ዓ.ም.ን እንደ መለያ መስመር ይያዙት። በዚያ ዓመት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ተወገደ። የሕጉን ዓላማ አልቃወምም። በእኔ ጆሮ ግን ሙሉ ባንድ፣ ማሲንቆና ዋሽንት በአንድ ላይ ቀጥረው የበዓል ሙዚቃ ያሠሩ የነበሩት በአብዛኛው ቢራ ፋብሪካዎቹ ነበሩ። ቦታቸውን የወሰዱት ባንኮች፣ ዘይትና ሳሙና አምራቾች በኪቦርድ መብቃቃትን መርጠዋል። ቢራው ሲወጣ ማሲንቆው አብሮ ለምን እንደወጣ እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ተመልካችዎ ሲበዛ «የእኛን ስፖት አንደኛ አድርጊልን» የሚሉ ሰዎች ይደውሉልዎታል፤ ለእኔም ደውለዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላ ዝግጅት ተለይቶ በግልጽ እንዲታወቅ ያዛል፤ ተከፍሎበት የቀረበ ግምገማም ማስታወቂያ ነው። እኔ ለደወሉልኝ ሰዎች የሰጠሁት መልስ ገንዘቡን ለአቀናባሪያቸው እንዲጨምሩለት ነው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍዎን ከማውጣትዎ በፊት ረቂቁን እዚሁ ይለጥፉት፤ የቅኝቱንና የአወራረዱን ክፍል እኔ አይልዎታለሁ። የአቀናባሪ ስም ፈልገው ካጡም ስፖቱን ይጥቀሱ፤ በቡድኑ ውስጥ ስቱዲዮ የሚሠሩ አባላት ስላሉ በድምፁ የሚለየው ሰው አይጠፋም።