40ኛው ገጽ ላይ የሚቆም ልብ ወለድ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ስለ ድርሰት ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት የለም። ረጅም ልብ ወለድ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ 40ኛው ገጽ አካባቢ ተውኩት። ጓደኞቼ መጀመሪያ ተለማመድ ይሉኛል። ምኑን ነው የምለማመደው?
የፈረቃ ሠራተኛው

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስት ጊዜ 40 ማለት 120 ገጽ ነው። ሰነፍስ አይደለህም። ግን በዚያ ሁሉ ገጽ አንድም መጨረሻ አልጻፍክም፤ እጅህ መጀመርን እንጂ መጨረስን አልለመደም። እኔም ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ በዱቤ ደብተሬ ጀርባ አንድ ትልቅ የቤተሰብ ታሪክ ጀምሬ ነበር። ስድስት ገጸ ባሕርያት ነበሩኝ። ለእህቴ ሳነብላት «ይህን ያለው ማን ነው?» እያለች አስቸገረችኝ። ለካ ስድስቱም የሚናገሩት በእኔ አፍ ኖሯል።

ልብ ወለዱን ሳጥን ውስጥ ክተተውና ሁለት ገጽ ብቻ ጻፍ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲነሣ ይጀምራል፣ ሲደርስ ያልቃል፤ መጨረሻው አያስጨንቅህም። ሐረጎ ተራራ ላይ ጉሙ መስኮቱን ይሸፍናል፤ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረው ሰውዬ ጋቢውን አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። «በርዶ ነበር፣ ሞቀ» አትበለኝ፤ ጋቢውን ጻፍልኝ።

በሌላ ቀን ያንኑ ጉዞ ረዳቱ «እኔ» እያለ ይተርከው። እሱ የሚያየው ሒሳብ ያልከፈለውንና ባዶውን ወንበር ነው፤ ጉሙን ልብ ላይለውም ይችላል። ሦስተኛ ጊዜ ስትጽፈው ደግሞ፣ ልጃቸው ዘንድ የሚሄዱ እናት አስገባ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ይፈትንሃል፤ ተራኪህ «ተቀመጡ» ይበል ወይስ «ተቀመጠች»? «ተቀመጡ» ካለ እያከበረ ራቅ ብሎ ቆሟል። «ተቀመጠች» ካለ ልቧ ውስጥ ለመግባት ይቀልለዋል፤ ረዳቱ ግን ሲያናግራት «አንቱ» ይበላት እንጂ፣ ወሎ ነን! አንዱን መርጠህ እስከ መጨረሻው ያዝ። እኔ ብዙ ወረቀት ያበላሸሁት መሐል ላይ እየቀያየርኩ ነው።

ከዚያ ጮክ ብለህ አንብበው፤ ምላስህ በተደናቀፈበት ቦታ አስምር። ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣህ ግን አታንብብ፣ መጀመሪያ ተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የራሱ ጽሑፍ ሁሉ ያስጠላዋል።

እንዲህ ያሉ ያለቁ ታሪኮች አሥር ሲሞሉልህ ሳጥኑን ክፈተው። ከ120ው ገጽ የምታተርፈው ትንሽ ይሆናል። እኔ ከዚያ ሁሉ የቤተሰብ ታሪክ ያተረፍኩት ዱቤዋን ሳትከፍል የጠፋችውን ደንበኛዬን ብቻ ነው፤ ለብቻዋ አራት ገጽ ሰጠኋት። ዱቤው ግን እስከ ዛሬ አልተከፈለም።